ስለ ሦስተኛው ፎቅ መስኮት እና ስለ እህቴ ቶሲያ

ለከተማችን የቦይ ላይ ጉብኝት ቢሮ የተከበሩ ኃላፊ፣

ልብዎ እንደ ጀልባዎችዎ ሞተር ሳያቋርጥ እንዲሠራ፣ ጉሮሮዎም እንደ ድምፅ ማጉያዎችዎ እንዳይዘጋ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በክሪዩኮቭ ቦይ ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን የምኖር የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ነኝ። ብዕር ያነሣሁት ቢሮዎ በሕይወት ሳለሁ መንፈስ አድርጎ ስለሾመኝ ምስጋናዬን ለማቅረብና ጥቂት ቅሬታዎችን በትሕትና ለማሰማት ነው።

አንደኛ፣ ጀልባዎችዎ በየቀኑ መስኮቴ ሥር እየቆሙ፣ አንዲት የመኳንንት ልጅ እጮኛዋ ስለከዳት በሙሽራ ልብሷ ከዚያ መስኮት ወደ ቦዩ እንደዘለለች ይተርካሉ። ጠዋት መጋረጃዬን ስገልጥ፣ «እዩአት፣ ወጣች። ሙሽሪት፣ እስቲ ዞር በይልን» እያሉ ፎቶ ያነሡኛል። በዚህ ዕድሜዬ ለሙሽርነት ያጨኝ ሌላ መሥሪያ ቤት የለምና ውለታዎ አይረሳኝም።

ሁለተኛ፣ ከዚያ መስኮት የዘለለ ሰው የለም። የቆመ ግን አለ። በጦርነቱ ጊዜ ጠላት ከተማችንን ከብቦ ባስራበበት ክረምት እናታችን በቦዩ በረዶ ላይ ከተቆፈረው ጉድጓድ ውሃ ልትቀዳ ባልዲ ይዛ ወጣች፤ አልተመለሰችም። የአሥራ ሰባት ዓመቷ እህቴ አንቶኒና፣ እኛ ቶሲያ የምንላት፣ ሁለት ቀን መስኮቱ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። በሁለተኛው ቀን ማታ፣ «ዚና፣ አንዴ ተኪኝ፣ ትንሽ ልቀመጥ» አለችኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ከብርድ ልብሱ መውጣት ጠላሁና «በኋላ» አልኳት። ጠዋት ስነቃ ግንባሯን መስታወቱ ላይ እንዳስደገፈች ደርቃ አገኘኋት። እንግዲህ ጎብኚዎችዎ በየማለዳው የሚያዩት መንፈስ፣ ተራዋን ዘግይታ የያዘች እኔ ነኝ።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ዓመት በበጋው መግቢያ ላይ ቲኬት ቆርጬ ከጀልባዎ ተሳፈርኩ። አስጎብኚው ግሌብ የሚባል ቀጭን ወጣት ነበር። ትረካውን ሲጨርስ ጠጋ ብዬ እውነቱን ነገርኩት።

«እማማ፣ እንዴት ልበልዎት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው እረፍት ላይ ነው። በረሃብ ስለሞተች ልጅ ማን መስማት ይፈልጋል? ሙሽራ ትሻላለች።»

ወዲያው ተሳፋሪው ሁሉ እጁን ወደ ላይ ያውለበልብ ጀመር። ቀና ስል የመስኮቴ መጋረጃ ወደ አንድ ጎን ተሰብስቧል። ግንባሯን መስታወቱ ላይ ያስደገፈች አንዲት ልጅ ቆማለች።

ግሌብ፣ «ቤት ማን አለ?» አለኝ።

«ማንም። ቁልፉ ይኸው፣ እጄ ላይ ነው።»

ግሌብ እስከ ጀልባው ማረፊያ ድረስ ድምፅ ማጉያውን አላነሣም። እኔም እጄን አላውለበለብኩላትም። በምን ዓይኔ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግሌብ መስኮቴ ሥር ሲደርስ ሞተሩን ያስጠፋና፣ «እዚህ አንቶኒና ፕላቶኖቭና እናቷን ስትጠብቅ ሞተች» ብሎ ዝም ይል ነበር። በጀልባው ላይ ባርኔጣቸውን የሚያወልቁ አዛውንቶች አይቻለሁ። ቢሮዎ ግን «ጎብኚ ያሳዝናል» ብሎ ልጁን ለማሰናበት ሳምንት እንኳ አልፈጀበትም፤ ለማመልከቻዎቼ ሁለት ዓመት መልስ ያጣ ቢሮ እንዲህ መፍጠኑ አስደንቆኛል። በእሱ ቦታ የተቀዳ ድምፅ ስላስቀመጡልንም አመሰግናለሁ። የተቀዳ ድምፅ አያፍርም፤ ቀና ብሎም አያይም።

ልመናዬ ትንሽ ናት። ልጁን ወደ ሥራው ይመልሱት። ይህ ከከበደዎት፣ ጀልባው መስኮቴን እስኪያልፍ ድረስ ያንን ድምፅ ዝም ያሰኙልኝ። ሙሽራዋን የግድ ከፈለጓት ወደ ጎረቤቴ ሕንጻ ያዛውሯት፤ እሱ ባንክ ነው፣ መንፈስ አይፈራም።

የከተማችንን ሙታን አዲስ ልብስ ለማልበስ ሌት ተቀን ለሚደክሙት ለክቡርነትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፣

ዚናይዳ ፕላቶኖቭና ኩድሪና
ያለ ፈቃዷ የቢሮዎ ባልደረባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅሬታዬን በዓይንዎ አይተው ማረጋገጥ ከፈለጉ፣ አንድ ማለዳ ብቅ ይበሉ። መስኮቱ ሁለት ሰው ያስቆማል። የእኔን ቦታ እለቅልዎታለሁ፤ የእሷን ግን ራስዎ ይጠይቋት።