«ታመዋል፣ ቶሎ ድረሱ»፦ የደባርቋ ስልከኛ የወይዘሮ እናናዬ ሀብተ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ እናናዬ ሀብተ ሚካኤል ከአባታቸው ከመሪጌታ ሀብተ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ማርያም በ1928 ዓ.ም. በጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ተወለዱ። አባታቸው ፊደል ካስቆጠሯቸው በኋላ ደባርቅ አጎታቸው ዘንድ ተቀምጠው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ድምፃቸው የጠራ፣ የሰሙትን የማይስቱ ስለነበሩ በ1950 ዓ.ም. ጎንደር ተልከው የስልክ ሥራ ሠለጠኑ፤ በዓመቱም በደባርቅ ስልክ ቤት ተቀጠሩ። ከዚያች ጠባብ ክፍል እስከ መጨረሻው ዓመታቸው አልተለዩም።

በ1951 ዓ.ም. በበቅሎ ጭነት የሚተዳደሩትን አቶ ቢራራ ክንዴን አግብተው ታገኘንና ገበያነሽን ወለዱ። በዚያ አቅጣጫ ሽቦው ደባርቅ ላይ ስለሚያበቃ፣ ለመካነ ብርሃን የሚመጣውን መልእክት ከጭነታቸው ጋር ይዘው የሚወጡት አቶ ቢራራ ነበሩ። እናናዬም «የደባርቁ ስልክ ሽቦ አለው፤ የመካነ ብርሃኑ ገብስ ይበላል» እያሉ ያስቁን ነበር።

ከቀልዱ ሥር ግን ሐዘን ነበረበት። በ1957 ዓ.ም. ክረምት መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ሲያርፉ ወንዙ ሞልቶ መልእክተኛ አላሻገረም። እናናዬ የሰሙት ለአርባቸው ጠላ ሲጠመቅ ነው። የጎንደርን ሰው ከአስመራ፣ የዳባትን ከአዲስ አበባ ሲያገናኙ የሚውሉት ሴት አባታቸውን ሳይቀብሩ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ምኞታቸው አንድ ነበር፤ የስልኩ መስመር ወደ መካነ ብርሃን እንዲቀጥል።

ከሩቅ ለመጣችሁ እንግዶች አንድ ነገር ማስረዳት ይገባል። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ከደጃፍ ተሰብስበው ነው የሚያረዱት። ስለዚህ ሞት ሲኖር እናናዬ «ታመዋል፣ ቶሎ ድረሱ» ይላሉ እንጂ ከዚያ የሚያልፍ ቃል አይወጣቸውም። የሰማውም አይጠይቅም፤ ነጠላውን አንሥቶ መኪና ይፈልጋል። ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን እንዳላወቀ ሆኖ፣ በልቡ ትንሽ ተስፋ ይዞ መንገዱን ይጨርሳል።

በ1974 ዓ.ም. ስልክ ለገጠር ልማት ያስገኘውን ጥቅም የሚለኩ ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ መጡ። መስመሩ መቀጠሉም ሆነ መቅረቱ በዚህ ጥናት እንደሚወሰን ስለተነገራቸው እናናዬ በደስታ ተቀበሏቸው። ባለሙያዎቹ ከስልክ ቤቱ በር ተቀምጠው ደዋዩን ሁሉ ስለ ምን እንደደወለ፣ ምንስ እንደተጠቀመ ይጠይቁ ጀመር። የዳባቱ ባቄላ ነጋዴ አቶ ሸጋው፣ «ጠቀመኝ ብል ግብር ትጨምራላችሁ፤ አልጠቀመኝም ብል ስልኩን ትነቅላላችሁ። ለእናንተ የሚሻላችሁን ጻፉልኝ» ብለዋቸው ሄዱ። የብዙው ደዋይ ቃል ግን አንድ ነበር፦ «ሰው ታሞብኝ ነው።» እናናዬም ሲጠየቁ ይህንኑ አጸኑ፤ አፋቸው የለመደው እሱን ነበርና።

ውጤቱ በቀበሌው አዳራሽ ተነበበ። የአካባቢው ሕዝብ ከሁሉ በላይ የሚደውለው ስለ ሕመም በመሆኑ፣ ለመካነ ብርሃን ከስልክ በፊት ክሊኒክ እንደሚያስፈልግ ተገለጸ። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት አየ። አቶ ሸጋው ብቻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለካ እንዲህ በሽተኞች ኖረናል» አሉ።

እናናዬ የጥናቱን ኃላፊ ወይዘሪት ስጦታን ወደ ስልክ ቤቱ ወስደው በሩን ዘጉ።

«ልጄ፣ ታመዋል የተባሉት ሁሉ ሞተው ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ፣ እትዬ?»

«ክፉ አይንካብሽና፣ የእናትሽን በስልክ ብነግርሽ ትወጂኛለሽ?»

ወይዘሪት ስጦታ ጥናቱን ሊያርሙት ፈቀዱ፤ ሕመሙ ከጥናቱ ከወጣ ግን ክሊኒኩም አብሮ እንደሚወጣ አልደበቋቸውም። በመካከሉ ደወል ጮኸ፤ እናናዬ ዳባትን ከጎንደር አገናኝተው ተመልሰው ተቀመጡ።

«አባቴ የሞቱት ስልክ አጥተው አይደለም» አሉ። «በስልክ እጦት የቀረብኝ መቅበሩ ነው። ተዪው፤ መርፌው ይቅደም።»

ክሊኒኩ በ1976 ዓ.ም. ተከፈተ፤ መስመሩ እስከ ዛሬ አልተዘረጋም። እናናዬ በየዓመቱ ማመልከታቸውን አልተዉም፤ አስታዋሽ ግን አላገኙም። አቶ ቢራራ ከመካነ ብርሃን በተመለሱ ቁጥር ወባ ወይም ምጥ ጠንቶበት በክሊኒኩ የተረፈ ሰው ስም ይዘው ይመጣሉ፤ እናናዬም «ይቺ እንግዲህ የእውነት ታማ ነበር» ይላሉ። ይህን ሲሉ ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ ያየ አይረሳውም።

ወይዘሮ እናናዬ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በደባርቅና በጎንደር ሲታከሙ ቆይተው ጥር 18 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ጎንደር በመምህርነት የሚያገለግሉት ልጃቸው አቶ ታገኘ በስልክ «እናትህ ታመዋል፣ ቶሎ ድረስ» ተባሉ። በስልክ ቤት ያደጉ ናቸውና «እሺ» ብለው ዘጉ።

ባለቤታቸው አቶ ቢራራ፣ ልጆቻቸው ታገኘና ገበያነሽ፣ የልጅ ልጆቻቸውም ዛሬ በመካከላችን አሉ። የሌሉት መካነ ብርሃን የሚኖሩት ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ያለምወርቅ ናቸው። መልእክተኛው በአቶ ቢራራ በቅሎ ተነሥቷል፤ ገና መንገድ ላይ ነው። እሱ እስኪደርስ፣ በተወለዱበት መንደር እናናዬ ዛሬም ደኅና ናቸው።

ስንቱን ከስንቱ ያገናኙትን እኒህን እናት፣ እግዚአብሔር ሳይቀብሯቸው ከቀሩት አባታቸው ጋር በደጋጎቹ ማረፊያ ያገናኛቸው፤ መርዶው ገና ለሚደርሳቸውም ብርታቱን አስቀድሞ ይላክላቸው። አሜን።