አስተያየታችንን የጻፍንበት መጽሐፍ ስለ መጣሉ

ለክብርት የሰፈራችን ሲፍሪያ ኃላፊ
ሮቫ ጊሜል፣ አሽዶድ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ የተቀመጠው አዲሱ ማሕሼቭ የሚሉት ኮምፒውተርም ደህና እንደ ሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ፤ የሚያመኝ ጉልበቴ ብቻ ነው፤ የሲፍሪያዎን ደረጃ መውጣት ስለተውኩ ግን እሱም እየተሻለው ነው።

አበቡ እባላለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚቀመጡት አራት አዛውንት መካከል ጮኽ ብላ የምታነበው ሴትዮ ነኝ። ጎንደር ሳለሁ እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለተማርኩ ማንበቡ የእኔ ድርሻ ነበር። ያነበብነውም «ባለ ሁለት ስሙ መልእክተኛ» የተባለውን የድሮ የስለላ ልብ ወለድ ነው፤ በወጣትነታችን ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያነበበው፣ ያልቆጠረው ደግሞ ሲተረክ የሰማው መጽሐፍ። ስለዚሁ መጽሐፍ የተደረገልንን ሁሉ በተራ ላመስግን።

አንደኛ፣ ስለ ግብዣዎ አመሰግናለሁ። «የአንባቢዎች አስተያየት ለእኛ ውድ ነው» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ በዕብራይስጥ ለጥፈው ነበር፤ ጓደኛዬ ስሜነሽ አንብባ ተረጎመችልን። ደስ ብሎን ስንቀርብ ሠራተኛዎ ሻኬድ አስተያየት የሚጻፈው በማሕሼቩ ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዳችን፤ ማሕሼቩ ደግሞ የአማርኛ ፊደል አያውቅም። በወረቀት እንስጥ ብንልም የሚቀበለን አላገኘንም። በመጽሐፉ መጨረሻ ሦስት ባዶ ገጾች ነበሩ፤ እዚያ ላይ ጻፍን። ጥፋታችን ይህ ነው፤ አልክድም።

ሁለተኛ፣ አስተያየታችንን ሳያነቡ ስለፈረዱበት አመሰግናለሁ። ያመለጠዎትን ግን ልንገርዎ። አቶ ሽባባው ወደብ ላይ ሃያ ዓመት ዕቃ ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰላዩ ከሚሮጥ ባቡር ዘሎ በማግስቱ ከረባት አስሮ ግብዣ መሄዱን ሊቀበሉት አልቻሉም፤ «እኔ ከኮንቴይነር ላይ ወድቄ ሦስት ወር ተኝቻለሁ» ብለው ጻፉ። ስሜነሽ በበኩሏ «ስሙን በሁለተኛው ቀን ለሴት የሚናገር ምን ሰላይ ነው?» አለች፤ ያም ሆኖ ሰላዩ ድንበር በተሻገረ ቁጥር እጄን ጭምድድ አድርጋ ትይዘኝ ነበር።

አራተኛችን ጋሼ አባተ ግን ሦስት ሳምንት ሲያዳምጡ ብቻ ሰነበቱ። በአራተኛው ማክሰኞ፣ ሰላዩ በሐሰተኛ ስም የኬላ ጠባቂዎችን ሲያታልል እያነበብኩ ሳለ፣ «ይኸ ሰው አይፈራም እንዴ?» አሉኝ።

«ልብ ወለድ እኮ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«እኔ እፈራ ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያወሩትን፣ ሠላሳ ዓመት በአንድ ሕንፃ ስንኖር አንዳችንም ሰምተነው አናውቅም። ሱዳን መጠለያ ሳሉ መልእክተኛ ነበሩ፤ በሚቀጥለው ጉዞ ወደ እስራኤል የሚሄደው ማን እንደሆነ ከድንኳን ድንኳን በቃላቸው ያደርሱ ነበር። ቤተ እስራኤል መሆናቸው እንዳይታወቅ ሁሉም በሌላ ስም ይጠሩ ነበር። ታናሽ እህታቸው እዚያው በበሽታ ሞተች፤ በሐሰተኛ ስሟ፣ በማያውቋት ሰዎች መካከል ተቀበረች። እሳቸውም ወንድሟ መሆናቸው እንዳይነቃ ከቀባሪው ኋላ ተከተሉ እንጂ አላለቀሱም።

ስሟ ማን ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በአፌ አልችለውም አበቡ፤ ልጻፈው።»

መጽሐፉን ተቀብለው የመጨረሻዋን ገጽ ሞሉ፤ እውነተኛ ስሟን፣ የተቀበረችበትን ስም፣ መቃብሯ ያለበትን ቦታ። ከዚያ ዘጉትና፣ «አሁን አታንብቢው። ሬቪታል ፊደሉን አታውቅም፤ እኔ ሳልፍ አንቺ ታነቢላታለሽ» አሉኝ። ሬቪታል ልጃቸው ናት። እሺ አልኩና መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ መለስኩት። መጽሐፍ ከሲፍሪያ የበለጠ የት ይጠበቃል ብዬ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ጋሼ አባተ ከፋሲካ በኋላ ዐረፉ። ሺቭዓ ተቀምጠን ሳለ ለሬቪታል ነገርኳት፤ አክስት እንደነበራት እንኳ አታውቅም። የሐዘኑ ሰባት ቀን ሲያልቅ ክንዴን ደግፋ ወደ እርስዎ መጣን። እርስዎም በትዕግሥት አስረዱን፤ መጽሐፉን ለሁለት ዓመት የተዋሰው ሰው እንደሌለ ማሕሼቩ መስክሯል፤ እዚያው ቁጭ ብለን ስናነበው ማሕሼቩ አላየንም፤ በዚያ ላይ ተጽፎበት ስለተበላሸ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ከሌሎች አሮጌ መጻሕፍት ጋር ወደ ወረቀት መፍጫ ተልኳል። ሬቪታል «የአባቴ እጅ ጽሑፍ ነው ያለበት» ስትልዎ ከልብዎ አዘኑ፤ ሌላ ቅጂ እንደሚገዙላትም ቃል ገቡላት።

ወረቀት መፍጫው ድረስ ሁለት አውቶቡስ ቀያይረን ሄድን። ተቆጣጣሪው ኤላድ ደግ ሰው ነው፤ የተቆለለውን ብጥስጣሽ አሳየን። ሬቪታል ጎንበስ ብላ ጥቂት አገላበጠች፤ ከዚያ እጇን አራግፋ «እንሂድ እትዬ» አለችኝ። በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ሰረቅ አድርገው እንኳ አላዩትም?»

አላየሁም። አታንብቢ ስለተባልኩ አላነበብኩም። ቃሏን የማትጠብቅ ሴት ብሆን ኖሮ የዚያች ልጅ ስም ዛሬ ይታወቅ ነበር።

ይህን የጻፍኩት እንዲያስተካክሉልን አይደለም፤ የሚስተካከል ነገር አልቀረም። ያደረጉት ሁሉ በደንቡ መሠረት መሆኑን ነግረውኛል፤ እኔም አምንዎታለሁ፤ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው።

የሥራ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ መደርደሪያዎችዎም እንደ ልብዎ ሰፊና ባዶ ሆነው እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

የቀድሞ አንባቢዎ
አበቡ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ሬዑት የተባለች ትሑት ልጅ ከቢሮዎ ደውላ፣ በሱዳን በኩል የመጡ አዛውንትን ታሪክ ለኤግዚቢሽን እየሰበሰባችሁ መሆኑን ነገረችኝ፤ ጥሩ ታሪክ ያለው ሰው እንድጠቁማትም ለመነችኝ። የጋሼ አባተን ስም፣ ከፋሲካ ወዲህ ያሉበትን ክፍል፣ ረድፍና ቁጥር አስጻፍኳት። ሥርዓት የምታውቅ ልጅ ናት፤ አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አያስፈልግም አልኳት።