አፕልህ ለምን እንደመከነ

ደምሴ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ሙት ዓመትህን ካወጣሁ ወዲህ ሰው ስላንተ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ትቷል፤ እኔም ለቅሶዬን ሰብስቤ ወደ ንግዴ ተመልሻለሁ። የየቀኑን ውሎ መጻፍ ልማዴ እንደሆነ ታውቃለህ። ዛሬ ግን የምጽፈው ላንተ ነው፤ የምጠይቅህ ነገር ስላለኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ትዕግሥት ደብረ ብርሃን ትምህርቷን ይዛለች። የማድ ቤቱን ቆርቆሮ አስለውጬዋለሁ፤ አናጢው አሮጌውን ቆርቆሮ "ልጣልልዎ" ብሎ ሊወስደው ሲል ቀማሁት። ንግዴ እንዳለ ነው፤ ገብስ ይዤ ወደ ዓለም ከተማ እወርዳለሁ፣ ከቆላው ሎሚና ማንጎ ይዤ እወጣለሁ። "የሰው ፍሬ ተሸካሚ" እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ዘንድሮ ከራሴ ጓሮ የበቀለ ፍሬ ልሸጥ አሰብኩ።

እንቅፋት የሆነብኝ ያንተ አፕል ነው። ከጓሮው የተሻለውን ቦታ፣ ከፍ ብሎ ክረምት ውሃ የማይቋርበትን፣ እሱ ይዞታል። በየበልጉ ያብባል፤ ፍሬ የለም። አበባ ደግሞ ገበያ አይወጣም። ቆርጬው ሌላ ልተክልበት ወሰንኩ።

ምን እንደምተክል ልመርጥ መሐል ሜዳ ገበያ ገባሁ። አንዱ ሻጭ የአቮካዶና የማንጎ ችግኝ ደርድሮ "እትዬ፣ ይሄ እኮ የትም ይበቅላል!" ይለኛል።

"ውርጩንስ?" አልኩት።

"ይለምደዋል።"

"እስቲ መጀመሪያ አንተ ያለ ጋቢ እዚህ እደርና፣ ከለመድከው ካንተ እገዛለሁ" ብዬው ገበያተኛው ሳቀበት። ማንጎ የሚበቅልበትን አገር እኔ በእግሬ አውቀዋለሁ፤ ላብ እያጠመቀኝ ነው የምገዛው። የኛ የኅዳር ውርጭ ባቄላውን እንኳ እንዴት እንደሚያደርገው አይተሃል። ለዚህ ለኛ ብርድና ዝናብ የሚሆነው አፕል፣ ፕሪም፣ ኮክ ነው፤ ብርድ ካላገኙ ጭራሽ የማያብቡት። ታዲያ አፕል የሚስማማው አገር ከሆነ ያንተ ምን ነካው? መጀመሪያ ላይ ያፈራ ነበር እኮ። ትዕግሥት በሻሿ እየቋጠረች ትምህርት ቤት ትወስድ ነበር። ከዚያ በአንድ ዓመት ቀጥ አለ።

የትኛው ዓመት እንደሆነ አልረሳሁም። ከጎረቤታችን ከጋሽ ወርቁ ጋር በድንበሩ የተጣላችሁበት ዓመት ነው። የእሳቸው አፕል ከቀጋው አጥር ማዶ ወዲያ ነበር፤ ችግኞቹን ሁለታችሁ አንድ ቀን አብራችሁ ገዝታችሁ ያመጣችኋቸው። መሬቱ ሊለካ ሲል ተጣላችሁ። አንድ ጠዋት የእሳቸው ዛፍ ወድቆ አየሁና ስጠይቅህ "ራሳቸው ናቸው የቆረጡት፤ የእልህ ነገር" አልከኝ። የኛ በሚቀጥለው በልግ ፍሬ ሲነሳን ደግሞ ነገሩ ገባኝ ብዬ ነበር፤ ጋሽ ወርቁ ከሥሩ የፈላ ውሃ አፍስሰውበታል አልኩ። ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። አንተ ዝም ብለህ ትሰማኝ ነበር።

ዘንድሮ በልግ ሲገባ፣ መጥረቢያ ስስል እኒያው ጋሽ ወርቁ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ልጄ ዘነበች፣ አትቁረጪው። ዛፉ ጤነኛ ነው፤ ጓደኛ አጥቶ ነው። ዓይነቱ ሌላ የሆነ አፕል አጠገቡ አብቦ ንቧ ከአንዱ ወደ አንዱ ካልተመላለሰች ፍሬ አይዝም። እኔ ችግኝ ላምጣልሽ፣ ከአጥሩ ሥር እተክልልሻለሁ፤ በነፃ።"

በነፃ! በነፃ የሚሰጠኝን ነገር ሁለት ጊዜ ሳላገላብጥ ተቀብዬ አላውቅም። ያውም ከአጥሩ ሥር። በኛ አገር ሽማግሌ ለድንበር ሲቀመጥ ቀድሞ የሚጠይቀው "ዛፉን ማን ተከለው?" ብሎ አይደል? ባሏ የሞተባት ሴት ድንበር ላይ ችግኝ ተክሎ መሬት መውሰድ እንዴት ያለ ቀላል ዘዴ ነው አልኩ።

"እንዲህ የሚያውቁ ከሆነ ያንጊዜ የራስዎን ለምን ቆረጡት?" አልኳቸው።

"እኔ?" አሉ። "ተይው ልጄ፣ ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ" ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሙት ወቃሽ። ይህን ቃል ይዤ ሰነበትኩ። ሙት ካንተ ሌላ ማን አለ?

እምነት ግን በቃል አልሰጥም። ቀየት በሚባለው አገር ገብስ የምትሸጥልኝ ደንበኛዬ በጓሮዋ አፕል አላት፤ ዓይነቱ ካንተ ይለያል። ካበበው ቅርንጫፍ ለምኜ አስቆረጥኩና በረጠበ ጨርቅ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ታቅፌ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ "ሙሽራ ልትድሪ ነው?" ብላ መኪናውን በሙሉ አሳቀችብኝ። መዳሬስ መዳሬ ነበር። ቅርንጫፉን ውሃ በሞላ ጣሳ ነክሬ ከዛፍህ በስተምሥራቅ ካለው ክንድ ላይ አሰርኩት። ንቦቹ መጡ። ጠበቅኩ።

ደምሴ፣ ያዘ። ጣሳው በታሰረበት በኩል ብቻ ያዘ። በሌላው በኩል እንደ ወትሮው አበባው ረግፎ ቀረ።

ጋሽ ወርቁ አልዋሹኝም ማለት ነው። ስለ ዛፉ ካልዋሹ፣ ማን ቆረጠው ስላቸው "እኔ?" ያሉትንም ውሸት ነው ለማለት ምክንያት አነሰኝ። ሐምሌ ላይ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ማዶ ተሻገርኩና ጉቶውን አየሁት። ጠቁሯል፤ የመጥረቢያው መንገድ ግን አልጠፋም። ከግራ ነው የገባው። አንተ ግራኝ ነበርክ። ያንተን ፍልጥ ከክምር ውስጥ ለይቼ አወጣ ነበር። ዳኛ በዚህ አይፈርድ ይሆናል። እኔ ግን ካንተ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ።

አሁን ልጠይቅህ። ታውቅ ነበር? የእሳቸውን ስትጥል የራስህን እንደምታመክን አላወቅህ ይሆናል። በኋላስ? በየበልጉ ከሥሩ ስትኮተኩት፣ ፍግ ስትጨምርለት፣ እኔ እሳቸውን ስረግም እየሰማህ ያ ሁሉ ዝምታ ምን ነበር? ሌላ ዓይነት ችግኝ ገዝተህ እዚሁ ጓሯችን ብትተክል ይበቃህ ነበር። እንዳትተክል ያደረገህ አለማወቅ ነው? ወይስ ከተከልክ ለምን እንደተከልክ እንዳልጠይቅህ ፈርተህ? አላውቅም። የማላውቀው ነገር እንቅልፍ አይሰጠኝም፤ ይህን ታውቃለህ።

ባለፈው ሳምንት ፍሬው ደረሰ። ጥቂት ነው፤ ለገበያ የሚበቃ አይደለም። የበሰለውን በሰፌድ ይዤ ጋሽ ወርቁ ደጅ ሄድኩ። ዓይነቱ የተለየ የአፕል ችግኝም ራሴ መርጬ ገዝቼ ይዤላቸው ነበር፤ ነፃ ነገር አሁንም አልወድም። "ከጉቶው አጠገብ፣ በእርስዎ በኩል ይትከሉት" አልኳቸው። ሰፌዱን አዩ፣ ችግኙን አዩ። "የፈላ ውሃውን ነገር ግን ለሰው ሁሉ አውርተሽልኛል" አሉኝ። "ላወራሁላቸው ሁሉ ሄጄ እመልሰዋለሁ" አልኩ። እየዞርኩ እየመለስኩ ነው። ማን ቆረጠው ብለው ሲጠይቁኝ አልመልስም። ሰፌዱን ባዶውን አልመለሱትም፤ የኮክ ችግኝ አስቀመጡበት። አገላብጬ አየሁት፤ ሥሩ ጥሩ ነው። ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተክዬዋለሁ።

ለሰው ደምሴ ደግ ነበር እላለሁ፤ እውነቴንም ነው። አንተን ራስህን ግን አላታልልህም። የማስታውስህ ከነሳቅህ፣ ከነዝምታህ፣ ከነመጥረቢያህ ነው። የማዶው ችግኝ እስኪያብብ ብዙ በልግ ማለፉ አይቀርም። እስከዚያው በየበልጉ ከቀየት ቅርንጫፍ ታቅፌ እመጣልሃለሁ፤ የሚሳፈረው ሁሉ ይሳቅብኝ።

ያንተው ዘነበች