ዋሻው ውስጥ የሆነውን ለአባ ነገርኩት

እማዬ፣

እንዴት ነሽ እንዳልልሽ መልስ የለሽም። ከሄድሽ ዛሬ አምስት ወር ከአሥር ቀን ሆነ።

አልጋሽን አባ ለጎረቤት ሰጠው። የሽንኩርቱ ማሳ ላይ ዘንድሮ ማሾ ዘራን። አንቺን ለማስታመም ከስድስተኛ ክፍል እንደወጣሁ ቀረሁ፤ አሁንም ሰው ሲመጣ ጓዳ ነው የምገባው።

ሁለታችሁም ምስጢራችሁን ለእኔ የሰጣችሁኝ ዝምተኛ ስለሆንኩ ነው። ከደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት በተመለሳችሁ ማግሥት አባ ጓሮ ጠርቶኝ "ካንሰር ነው፤ አትድንም ብለውኛል። እሷ እንዳትሰማ፣ ወላሂ በይ" አለኝ። ማልኩ። ከሰዓት ፀጉሬን ስትሠሪኝ ደግሞ አንቺ ነገርሽኝ። ከሐኪም ቤት ስትመለሱ አውቶቡሱ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ገብቶ ሲጨልም የአባ ትከሻ በለቅሶ ሲንቀጠቀጥ ተሰምቶሻል። ብርሃን ላይ ስትወጡ ስለ ማንጎ ችግኝ ያወራልሽ ጀመር። "መሞቴን ያን ጊዜ አወቅኩ። ማወቄን ከሰማ ይሰበራል፤ ወላሂ በይ" አልሽኝ። ለአንቺም ማልኩ።

ከዚያ ቤታችን ሳቅ በሳቅ ሆነ። አባ ከጀውሃ ገበያ ሙዝ ይዞ ሲገባ "ፊትሽማ ሙሽራ መስሏል" ይልሻል፤ "እንግዲያው ጥሎሼን፣ መህሬን ጨምር" ትይዋለሽ። ከበሩ ሲወጣ የሻርፕሽን ጫፍ ትነክሻለሽ። ጫፉ ተበልቶ አልቋል፤ እኔ ጋ ነው።

ጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ፣ ሕመሙ ከጠናብሽ ከጤና ጣቢያ ጠንከር ያለ ማስታገሻ ላስጽፍ ስትል አባ "አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሏታል" አላት። ሕመሙ የእውነት የቀለለሽ መስሎት ነበር። አንቺም ራስሽን ነቀነቅሽ። እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ። አንድ ቃል ብናገር ይቀልልሽ ነበር። አልተናገርኩም፤ ሴትየዋ ሄደች። ከዚያ በኋላ የኖርሽው አርባ ቀን ነው፤ አርባውንም ሻርፕሽን እየነከስሽ።

ባለፈው ጁምዓ ሰደቃሽን አወጣን። አባ ለሰዉ "ምንም ሳታውቅ ነው የሄደችው፤ ብቻዬን ተሸክሜላት" ሲል ሽማግሌዎቹ መረቁት። እኔ እጅ እያስታጠብኩ ነበር፤ ምርቃቱ አንገበገበኝ። እንግዶቹ ሲሄዱ መሐላዬን አፈረስኩ። የዋሻውን ነገርኩት።

ማስታጠቢያውን ከእጄ ወስዶ መሬት አስቀመጠው። ከዚያ "ያማት ነበር?" ብቻ አለኝ።

"አያማትም ነበር" አልኩት።

ስለዚህ እማዬ፣ ሕመምሽን የማውቀው እኔ ብቻ ቀረሁ። ሌላው ሳቅሽን ያስታውስልሽ። እኔ አርባውን ቀን አንድም ሳልረሳ እይዝልሻለሁ።

ልጅሽ ዘሀራ