ስለ ተራ ቁጥር አሥራ አራት

ለተከበሩ አቶ ነብዩ
የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተምም ሳይቀር ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሰው ሲያጽናናኝ አሜን እላለሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔን ግን ይኸው አምስት ሳምንት ገዶኛል። ስለዚህ ጊዜ ተርፎኝ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎም፣ ማንበብ ለሚወድ ሕዝብም እጽፋለሁ።

ዓለምዘውድ እባላለሁ። ከሰሜን በመምህርነት ተመድቤ መጥቼ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ የመጨረሻ ልጄን ትርሲትንም እዚሁ የቀበርሁ ሴት ነኝ። ኦርቶዶክስ ስለሆንሁ፣ ስለ ካቶሊኮቹ ክሊኒክ የምጽፈው ወገኔን ለመደገፍ እንዳይመስልዎ። ጽሕፈት ቤትዎ ተራ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ለሃይማኖት ነፃነት ስላለዎት አክብሮት ላመስግንዎ። ክሊኒኩን የምትመራው መነኩሲትና አዋላጅ፣ እንደ ታናሽ እኅቴ የማያት ሲስተር ሰርካለም፣ በፈቃድ ማደሻው ቅጽ ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ «ሁሉንም ዓይነት የወሊድ መከላከያ ይሰጣል» ከሚለው ፊት ራይት እንድታደርግ ስትጠየቅ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ስለማትፈቅድ እንደማትሰጥ ነገረችዎ። ሌላ ኃላፊ ቢሆን ካልሰጠሽ ብሎ ባስጨነቃት ነበር። እርስዎ ግን አልተቆጡም፤ ራይቷን ብቻ እንድታደርግ፣ ማንም መጥቶ እንደማያይ፣ እምነቷን በልቧ መያዝ እንደምትችል በደግነት መከሯት። ልቧን ለእምነቷ ትተውላት፣ እጇ ብቻ እንዲዋሽ ፈቀዱላት ማለት ነው። እሷ ግትር ሆና የማልሰጠውን እሰጣለሁ ብዬ አልፈርምም አለች። በሳምንቱ የክሊኒኩ በር ታሸገ።

፪. መከላከያውን በተመለከተ እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ። ከሦስተኛ ልጄ በኋላ ራሴ ተወግቻለሁ፣ ሴቶች ልጆቼንም መክሬያለሁ። ሲስተር ይህን ታውቃለች፤ ሰው እንደ ቤቱ እንጂ እንደ ጎረቤቱ አይኖርምና ተከባብረን ኖረናል። ከክሊኒኩ በር ሆነው ቢያዩ የመንግሥት ጤና ጣቢያው ሰንደቅ ዓላማ ይታያል። መርፌ የፈለገች መንገዱን ተሻግራ እዚያ ትወጋለች፤ መውለድ ስትፈልግ ደግሞ ተመልሳ ሲስተር ጋ ትመጣለች። ተከለከልሁ ብላ የከሰሰች አንዲት ሴት አልሰማንም። ማንም ያልጮኸበትን ችግር ፈልጎ መፍታት ትልቅ አመራር ነው።

፫. ጤና ጣቢያው ቅጹን ከአንድ እስከ ሠላሳ ራይት አድርጎ ሞልቷል። ትርሲትን ምጥ በያዛት ጠዋት ሄደን አየነው። የማዋለጃ ክፍሉ ቁልፍ ከአዋላጇ ጋር የእናቶችን ሞት ስለ መቀነስ ሥልጠና ሄዶ ነበር። አምቡላንሱ ደግሞ ቀበሌያችን «ከቤት ውስጥ ወሊድ ነፃ» ተብላ የምትሸለምበት ቀን ስለነበር፣ ወንበርና ባነር ጭኖ ወደ አዳራሹ ሄዷል። ሽልማቱ በጭብጨባ እንደተሰጠ ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አለዎት።

፬. የበርበሬ ገበያ ቀን ነበርና ባጃጅ አጣን። ባሏ ኪዱ የነጋዴ ጋሪ ለምኖ መጣ፤ ትርሲትን በበርበሬ ጆንያ ላይ አስተኝተን ወደ ቡታጅራ ሆስፒታል ተነሣን። መንገዱ በክሊኒኩ በር ያልፋል። ሲስተር ከክሊኒኩ ጎን ካለው መኖሪያዋ አይታን ሮጣ መጣች፣ ጋሪው ላይ ወጣች፣ ልጅቷም እዚያው ከታሸገው በር ፊት ተወለደች። ደሙ ግን አልቆመም። ደም የሚያቆመው መርፌ ከበሩ ኋላ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ነበር። በሩ ላይ «ማሸጊያውን የቀደደ በሕግ ይጠየቃል» የሚለው ወረቀትዎ ተለጥፏል፤ አንብቤዋለሁ፣ አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። ሲስተር ልትቀድደው እጇን ስትዘረጋ ክንዷን የያዝኋት እኔ ነኝ። ትታሰሪያለሽ፣ ቡታጅራ እንደርሳለን አልኋት። አልደረስንም። እጄ ላይ እስከ ዛሬ የሚሰማኝ የእሷ ክንድ ነው፤ ሌላ ምንም አይሰማኝም። በሩን ስላከበርሁልዎ ግን ምስጋናው ለእኔም ይገባኛል።

፭. የልጅ ልጄን ለማስመዝገብ ስሄድ፣ ቅጹ ላይ «መንገድ» የሚባል የትውልድ ቦታ እንደሌለ፣ «ቤት» ከተባለም ቀበሌዋ ሽልማቷን እንደምትነጠቅ ተነገረኝ። ባለሙያዎችዎ እንዳልቸገር ብለው ሞልተው ጠበቁኝ፦ የወሊድ ቦታ፣ ጤና ጣቢያ፤ የእናት ሁኔታ፣ በጤና ወጥታለች። ሲስተር በሩ እስኪታሸግባት አልፈርምም ያለችውን ዓይነት ወረቀት እኔ ቆሜ ፈረምሁት። ልጅቷ እናት የላትም፤ ቢያንስ ወረቀት ይኑራት ብዬ ነው። አፍሬበታለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በሲስተር መዝገብ ላይ ቀናቸውን የሚጠብቁ ሃያ ሦስት ነፍሰ ጡሮች አሉ፤ የመጀመሪያዋ ለገና ትደርሳለች። ከተራ ቁጥር አሥራ አራት አጠገብ «በእምነታችን ምክንያት አንሰጥም» የምትል ሣጥን ይጨምሩና በሩን ይክፈቱላቸው። ሣጥኗን ማስመር ሥራ የሚያበዛባችሁ ከሆነ ማስመሪያዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ጡረተኛ ነኝ።

ሹመትዎን ያርዝምልዎ፤ የማኅተምዎን ቀለም አያድርቅብዎ፤ ከቤትዎ ሴት ምጥ የያዛት ዕለት፣ ሥልጠናም ሽልማትም የሌለበት ቀን ያድርግልዎ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ዓለምዘውድ
ጡረተኛ መምህርት፣ ሕጋዊ የልደት ምስክር ወረቀት ያላት ሕፃን አያት

ማስታወሻ፦ በፈረምሁት ቅጽ መሠረት ትርሲት በሚመጣው ሳምንት የድኅረ ወሊድ ክትትል ቀጠሮ አላት። ባለሙያዎችዎ ቤት ድረስ በከንቱ እንዳይደክሙ አስቀድሜ አድራሻዋን ላሳውቅ፤ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን፣ በምሥራቁ አጥር በኩል፣ አፈሩ ገና ያልደረቀው መቃብር ነው። እናንተ ብትሄዱላት ይሻላል፤ እሷ መምጣት አትችልም።