ከግድቡ ሥር ያለች አራስ

ሰኞ፣ ሐምሌ 10

ቦይናውን ነቀልኩት። አሥራ አራት እግር። ከተሜው ጎደሬ ይለዋል፣ ያው ነው። ግድቡ ላይ ምንም ነገር እንዳይተከል ለሰፈሩ ሁሉ ስለፈልፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የገዛ ሚስቴ አመነች ግርጌው ላይ ስትተክል ዝም አልልም። ሥር አፈር ያላላል። ለጎረቤት የከለከልኩትን ለቤቴ አልፈቅድም።

አመነች ከታች ሆና አየችኝ። ልጃችን ወይንሸት ከወለደች ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው፤ እናቷ ልታርሳት ወርዳ እዚያው ታድራለች። የወይንሸት ቤት ከግድቡ ሥር የመጀመሪያው ነው።

«ለአራስ ጠያቂ ላበላው ነበር» አለች፣ የተነቀለውን እያየች።

«ሌላ ቦታ ትከዪ።»

«ሌላ ቦታ እንዲህ አያምርማ። እዚህ ውሃ ይጠጣል።»

ሥራ ሥሩን በነጠላዋ ቋጥራ ሄደች። ደህና ዋል አላለችም።

የከነከነኝ ከሄደች በኋላ ነው። የቦይናው ቅጠል ከጃንጥላ ይሰፋል። በበልግ የተተከለ ነው ማለት ነው። ታዲያ እኔ የት ነበርኩ? ጉልበቴ ካመመኝ ወዲህ ከግድቡ አናት ላይ ቆሜ ቁልቁል አይና እመለሳለሁ። የግድቡ ጠባቂ ነኝና በምሞላው መዝገብ ላይ ግን አንድ ቀን ሳላጓድል «ግርጌ፦ ደህና» ብዬ ጽፌያለሁ። ይህን ከዚህ ደብተር በቀር የትም አልናገረውም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 11

ሲዘንብ አደረ። ጠዋት እንደ ምንም ብዬ ወደ ግርጌው ወረድኩ። ቦይናው የነበረበት ጉድጓድ ውሃ ሞልቷል፤ የዝናብ ውሃ ግን አይደለም፣ ከሥር እየፈለቀ የሚወጣ ነው።

በጠርሙስ ቀድቼ ድንጋይ ላይ አቆምኩት። ሶዶ ለሥልጠና በሄድን ጊዜ ኢንጂነሯ ያሳየችን እንዲህ ነው፤ ውሃው ንጹሕ ከሆነ ግድቡ እየተነፈሰ ነው፣ ከደፈረሰ እየተበላ ነው። ጥቂት ቆይቼ አየሁት። ከጠርሙሱ ሥር ጣት የሚያህል አፈር ዘቅጧል።

ግድባችን ትንሽ ናት። በሴፍቲኔት ጊዜ በአካፋና በሸክም ራሳችን የሠራናት ናት። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ይዛ ከሥሯ ያሉትን ዘጠኝ ቤቶች ታድናለች። ከዘጠኙ በአንዱ ውስጥ የዘጠኝ፣ አሁን የአሥር ቀን ልጅ አለ።

ለማንም አልተናገርኩም። ቀይ ጭቃ አምጥቼ ጉድጓዱን ደፈንኩት፣ በእግሬም ረገጥኩት። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ወደ ማታ ሳየው ደርቋል። ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ብቻዬን!

አመነች ሳትኖር ሹሮ ለመሥራት ሞክሬ አሳረርኩት። ብስኩት በላሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 12

የደፈንኩት ቦታ ደርቋል። ከእሱ አራት እርምጃ ርቆ ግን በሁለት ቦታ ውሃ ወጥቷል። መልኩ የጠላ አተላ ይመስላል።

ቆሜ ሳፈጥበት አመነች መጣች። ጫማዋን አውልቃ ረግጣ አየችው።

«ይህን ማን ደፈነው?»

«እኔ።»

«የእንሰት ቡላ ሲረጋ አይተህ አታውቅም?»

«የሴት ሥራ ነው። በምን አውቃለሁ?»

«አታውቅማ! ውሃውን ቀስ ብለን እናሳልፈዋለን፣ ነጩ ከሥር ይቀራል። ውሃውን አፍነህ ካቆየኸው የተነጠፈውን ቅጠል ይቀድና ነጩንም ይዞት ይሄዳል። አፈሩን ያዝ እንጂ ከውሃው ጋር ምን አጣላህ?»

የወይንሸት ባል ታምራት ሞባይል አለው። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ነውና ለኢንጂነሯ ልንደውል ከእሱ ጋር ወጣን። ጉልበቴ እንዴት እንዳንገበገበኝ አልጽፍም።

ኢንጂነሯ ሶዶ ቢሮዋ ውስጥ ነበረች። የላክሁላት የመዝገቡ ቅጂ ከፊቷ አለ መሰለኝ፣ ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ እስከ ባለፈው ሳምንት ግርጌው ደህና ነው ይላል። በአንድ ሳምንት ነው እንዲህ የሆነው?»

ታምራት ያየኛል።

«ወርጄ አላየሁም» አልኳት። «ከአናት ሆኜ ነው የጻፍኩት።»

ታምራት ፊቱን ወደ ገሱባ መንገድ አዞረ፤ የሚመጣ ሰው ያለ ይመስል ያንን ማየት ጀመረ። ጨዋ ልጅ ነው። እሷም አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አሁን የሚሆነውን ልንገርዎት። ጭቃውን ያውጡት። በሚፈልቀው ላይ መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ ይደርደር። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ አይውጣ። ከሥር ያሉት ቤቶች ዛሬውኑ ይለቀቁ። እኔ ነገ እመጣለሁ።»

ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ አይውጣ። አመነች ጠዋት ያለችኝ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው፣ ሥልጠናም ወስጃለሁ፣ የምስክር ወረቀቱም ሳጥኔ ውስጥ አለ። እሷ ሥልጠናውን የወሰደችው ከእንሰት ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 13

የትናንቱን ልጨርስ። ስምንቱ ቤቶች እሺ ብለው ወዲያው ወጡ። እምቢ ያለው ዘጠነኛው ነው። አመነች በር ላይ ቆመች።

«አራስ ከቤት አትወጣም። ብርድ ይመታታል። ዓይን አለ፣ ሰው አለ። እኔ አምስት ስወልድ አንድም ቀን ደጅ አልረገጥኩም።»

ወይንሸት ከመጋረጃው ጀርባ ሆና «አባዬ፣ አንተ አይደለህ እንዴ ሁልጊዜ ግድቡ ደህና ነው የምትለን?» አለች።

ይህን መመለስ ጉብታውን ከመውጣት ይልቅ ከበደኝ። «ውሸቴን ነው» አልኳት። «ጉልበቴን አሞኝ ሳልወርድ ደህና ነው ስል ከረምኩ። ቤት የሠራሽው እኔን አምነሽ ነው። አሁንም እመኚኝና ውጪ።»

ሕፃኑ ይነጫነጫል። ከዚያ አመነች በሩን ለቀቀች፣ ወደ ጓሮ ሄዳ ትልቅ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ መጣች። ወይንሸትን ወንበር ላይ አስቀምጠን በጋቢ ሸፈንናት፤ ታምራትና ጎረቤቱ ተሸከሟት። አመነች ቅጠሉን ከልጁ በላይ ይዛ ከጎን ከጎን ትሄዳለች። «ቀስ! እንቁላል የተሸከማችሁ አይመስላችሁም?» ትላቸዋለች። አሁን አራሷ የእኔ አልጋ ላይ ናት። እኔ ወደ ማድቤቱ ተሰድጃለሁ።

ዛሬ ሰው ሁሉ ወጣ፤ መጀመሪያ የደፈንኩትን ጭቃ አወጣን። አሸዋ ከወንዙ በማዳበሪያ ከረጢት መጣ። ጠጠሩን ሴቶቹ በወንፊት ነፍተው ከትልቁ ለዩት፤ ይህን ማንም አላዘዛቸውም። አመነች አሸዋውን በእጇ ዳበስ እያደረገች ታነጥፋለች። «እናንተ ወንዶች ድንጋዩን አትወርውሩ፣ አስቀምጡ!» ስትል አንድም የተናገራት የለም። እኔም ከረጢት ያዝኩ። አዘዘችኝ፣ ታዘዝኩ።

ኢንጂነሯ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። መኪናዋን ጭቃ ይዟት የመጨረሻውን በእግሯ ነው የመጣችው፤ እስከ ጉልበቷ ቀይ ሆናለች። ሥራውን ዞራ አየችና «ይህን ማን አነጠፈው?» አለች።

ሁሉም ወደ አመነች አመለከተ። እኔም አመለከትኩ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 14

ዝናብ። ውሃው ከመለኪያው ብረት ላይ ቀዩ ቀለም ጋ ደርሷል፣ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻም መፍሰስ ጀምሯል። እንዲያ ነው የሚገባው። ግን ልቤ አላረፈም። ሦስት ጊዜ ወረድኩ። ከድንጋዮቹ መሃል ውሃ ይወጣል፣ ጠርሙሱ ሥር የሚዘቅጠው የጥፍር ያህል ነው። ቀንሷል። አላለቀም።

ኢንጂነሯ ከመሄዷ በፊት ሌላ ጠባቂ ይፈለግ አልኳት። ከልቤ ነው። መዝገቡን አውጥታ ቀይ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። «ሳይወርዱ የጻፉትን በሙሉ ይሰርዙ፣ አጠገቡ 'አልታየም' ይበሉ። ከዚያ በኋላ እናወራለን።» ማድቤት ተቀምጬ ሰረዝኩ። ብዙ ነው። አልቆጠርኩትም።

አመነች ለወይንሸት ገንፎ ስታገነፋ አጠገቤ ነበረች። መዝገቡን አታነብም፣ ቀዩን ግን ታያለች።

«አንቺ ያልሽው ልክ ነበር» አልኳት።

«ምን አልክ? እሳቱ ጮኸብኝ።»

«ሰምተሻል።»

«አልሰማሁም። ድገመው።»

ደገምኩት። ጮክ ብዬ። ወይንሸት ከውስጥ ሳቀች፣ ከዚያም የወሊዱ ስፌት ያመማት መሰለኝ «አታስቁኝ!» አለች። አመነች ቂቤ አቅልጣ ጉልበቴን አሸችው። ለአራሷ የተቀመጠ ቂቤ ነው። አይገባኝም ብዬ ነበር፤ «ዝም በል፣ ነገም ትወርዳለህ» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 15

ጠዋት ቀዳሁ። ጠርሙሱን ድንጋዩ ላይ አቁሜ ቁጭ አልኩ። አመነችም መጥታ ቁጭ አለች። ብዙ ቆየን። በጠርሙሱ ውስጥ የወዲያኛው ሣር ይታያል። ከሥር ምንም የለም። ገልብጬ እንደገና ቀዳሁ። ምንም የለም።

ሰዎች ይህን ሰምተው ወደ ቤታችን እንመለስ ብለው መጡ። ከለከልኩ። ኢንጂነሯ ተመልሳ እስክታይ ድረስ የአንድ ጠዋት ንጹሕ ውሃ አይበቃኝም። አንዱ «ሽማግሌው ድሮም ግትር ነው» ሲል ሰማሁ። ይበል።

ቤት ስገባ ወይንሸት ልጁን እያጠባች ነበር።

«አባዬ፣ ቤቴ የምመለሰው መቼ ነው?»

ነሐሴ ገና አልገባም። ሰማዩ ምን እንደያዘ፣ ግድቡ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ከውጭ አይታይም። ድሮ ቢሆን ቀን እቆርጥላት ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ልጁን ከጡቷ አላቅቃ አቀበለችኝ። «እንግዲያው ያዘው፣ እጄ ደክሟል» አለች።

ይዤዋለሁ። ይህን የምጽፈው በአንድ እጄ ነው።