ነጯን ኳስ መልሼ ሳስቀምጣት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትል ታቃስታለህ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ናፍቆቱን ግን አልቻልኩትም።

ሥራዬ ያው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። አንሶላ ስተኩስ እውላለሁ፤ ማሽኑ ስለሚጮህ ሰው ከሰው አያወራም። ክፍሌ ስገባ ደግሞ ጭር ያለ ነው። እሱን ለመርሳት ብዬ ሁለት የፑል መለማመጃ ገዛሁ። አትሳቅ። አንዷ ባለ ሁለት ቀለበት ናት፤ መምቻውን ስቲክ በቀለበቶቹ አሳልፈህ ስትመታ እጅህ ከተወላገደ ቀጭ ትላለች። ሌላው ክርን ላይ የሚታሰር ነው። ድሮ አንተ ከኋላዬ ቆመህ ክርኔን ይዘህ፣ አታወዛውዘው፣ ሊጥ እያቦካህ ነው እንዴ እያልክ ትሠራው የነበረውን ሥራ አሁን እሱ ይሠራል። ልዩነቱ እሱ አይቆጣም። ቁጣህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤም አላውቅ።

ጠረጴዛዬ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ ነጯን ኳስ ወደ ትራስ እመታታለሁ። አንስቼ ቦታዋ እመልሳታለሁ፤ ደግሞ እመታታለሁ። ወራት እንዲሁ ሄዱ። እጄ ተቃንቷል፤ ብታየኝ አታምንም።

ባለፈው እሑድ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር አብሮት የሚጫወተው ሰው ሲቀርበት ፑል ቤት ጠራኝ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሰው ና ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። እሱና ጓደኞቹ ከወደዱኝ በየሳምንቱ ይጠሩኛል ብዬ ሸሚዜን ተኩሼ ተኩሼ ሄድኩ። ሁለት ኳስ በተከታታይ ሳስገባ እርስ በርስ ተያዩ። ሦስተኛውን ሳትኩ። ይኼኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሾፌሩ ተራው ደርሶ ስቲኩን ይዞ ሲመጣ፣ እኔ ነጯን ኳስ በእጄ አንስቼ ቦታዋ መለስኳትና እንደገና ልመታ ጎንበስ አልኩ።

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ሾፌሩ፣ አንተ ሰውዬ ከማን ጋር ነው የምትጫወተው ቢለኝ፣ ብቻዬን ነው የለመድኩት የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ። ሳቁ ቆመ። መሳቃቸው ይሻለኝ ነበር፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሾፌሩ ግን ወንበር ስቦ አጠገቡ አስቀመጠኝና፣ ተራህ ሲደርስ እነግርሃለሁ አለኝ። መሸነፉን ተሸነፍኩ። ስንወጣ የፊታችን እሑድም ና ብሎኛል። እሄዳለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ አንድ ኳስ ባላስገባም ግድ የለኝም፤ ሌላ ሰው እስኪጨርስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ምን ያህል እንደናፈቀኝ ያወቅኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ባለቤትህን እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። ልጆቹን ጉንጫቸውን፣ ትንሿን ደግሞ ካልሸሸችህ ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ።

ታናሽህ
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ጥቅምት ፱ ቀን